መነሻው ሳይዘጋ

ሰውየውን ገና ሳየው ነው የጠላሁት። ሰው መከራ ከደረሰበት በኋላ "ያኔውኑ ልቤ ጠርጥሮ ነበር" ይላል፤ የኔ እንደዚያ አይደለም። ዋላሂ፣ ሻርጃ ኢንዱስትሪ ሰፈር ካለችው ቢሯችን ደረጃ ላይ ሽቶው ቀድሞት ሲመጣ፣ ፊቱን እንኳ ሳላይ አፍንጫዬን ይዤ "ይሄ ደግሞ ማነው?" ብያለሁ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እጁ ከሰው ትከሻ የማይወርድ፣ ያገኛትን ሴት ሁሉ "የኔ ቆንጆ" የሚል ሰው ነው። ሙዲራችን፣ ሥራ አስኪያጁ ማለቴ ነው፣ ስፖንሰር እንዲያመጣ ቀጠረው። እኔ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አምጪው ነበር የምለው፤ ፊት ለፊቱም ጭምር።

ሥራችን የመኪና ራሊ ማዘጋጀት ነው። አሸዋ ላይ መንገድ እንቀይሳለን፣ ባንዲራ እንተክላለን፣ ፈቃድ እናወጣለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ከዚያ ሰዎች መጥተው መኪናቸውን ያሰቃያሉ። ጠዋት አማተሮቹ ናቸው፤ ሚስት፣ ልጅና የሥጋ መጥበሻ ጭነው የሚመጡ፣ ሳምንቱን ቢሮ ተቀምጠው የሚውሉ ሰዎች። ከሰዓት ፕሮፌሽናሎቹ ይመጣሉ፤ እነሱ የሚጭኑት መካኒክ፣ ትርፍ ጎማና ኩራት ነው። ተወዳዳሪው የሚከፍለው መመዝገቢያ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን ችሎ ዋንጫው ላይ ሲደርስ እልም ይላል። ስለዚህ ስሙን መኪና በር ላይ ለማየት የሚከፍል ባለገንዘብ መፈለግ የግድ ነው። አምጪው የተቀጠረው ለዚህ ነበር፤ ሥራውንም ይችልበታል። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ይሉት ሰው ለስፖንሰር ፍለጋ የተፈጠረ ነው።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በጓሮ በኩል ነው። ከደሴ ስመጣ ዱባይ፣ ሚርዲፍ የሚሉት ሰፈር፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ኮንትራቴ ሲያልቅ እዚህ ቢሮ ጽዳት ጀመርኩ፤ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ስልክ። ዐረብኛ ስለምችልና አፌ ስለማይፈራ፣ ሙዲሩ ውድድር ቀን ሬዲዮውን አስያዘኝ። በየመንገዱ የሚቆሙትን ማርሻሎች የምሰበስበውም እኔ ነኝ። ሁሉም የኛ ሴቶች ናቸው፤ ከሚርዲፍና ከዲስከቨሪ ጋርደንስ በእረፍታቸው እሁድ የሚመጡ። አሸዋ ላይ ባንዲራ ይዘው ፀሐይ ሲጠብሳቸው ይውላሉ፤ አይነጫነጩም። ሙዲሩ የሚወድላቸውም ይህንኑ ነው።

ሬዲዮ ማስተማር ግን ጣጣ ነበር! "የቆማችሁበትን ቁጥር ተናገሩ፣ የሆነውን ተናገሩ፣ ኸላስ። ሰላምታ የለም" እላለሁ። እሺ ይላሉ። ከዚያ ከወረባቦ የመጣች አንዲት ጓደኛዬ መነጋገሪያውን ትከፍትና "እንደምን አደርሽ እህቴ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር፣ ባልሽስ ደህና አደረ?" መኪና ግሎ ቆሞ እሷ ጤናዬን ትጠይቃለች። እጮህባታለሁ። ትስቃለች። በሳምንቱ ያው ነው።

ይቺ ጓደኛዬ ለኔ ተራ ሰው አይደለችም። አባቴ የሞተ ጊዜ ሚርዲፍ ነበርኩ፤ ወር ሙሉ "አባቴን አገናኙኝ" ስል "መስጊድ ሄዷል"፣ "ገበያ ወርዷል" እያሉ ሸፋፈኑብኝ። ኋላ አንድ እሁድ እሷ ሴቶቹን አስከትላ መጣች፤ ዳቦ ይዘዋል። ሻይ ቀዳሁ፣ አወራሁ፣ ሳቅሁ፤ ማንም ሻዩን እንዳልነካው ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ አይነገረውም፣ በስልክ አይነገረውም፣ አስቀምጠው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ደጋፊ አዘጋጅተው ነው። ያን ቀን ሳልወድቅ ከኋላዬ የያዘችኝ እሷ ነበረች።

ባለቤቴ ሹፌር ነበር። ሚርዲፍ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ማዳምን ሞል ያመላልሳል። አጅማን የተከራየናት አንዲት ክፍል፣ የኔም የሱም መኖሪያ ፈቃድ፣ አገር ቤት ያለው የእናቱ መድኃኒት፣ ሁሉም በዚያ መንጃ ፈቃዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔ ከራሊው የማገኘው ለሽንኩርት ነው። እሁድ ሲሆን ግን ፒክአፑን ተረክቦ አሸዋ የዋጣቸውን መኪኖች እየጎተተ ያወጣል። ያን ቀን ሌላ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ በቀስታ፣ በእንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው የነዳ፣ እሁድ የአሸዋውን ጫፍ ዘሎ ወርዶ እንደ ልጅ ይስቃል። "ሬዲዮዋ፣ ዛሬ እንዳትጮሂብኝ" ብሎ ይሄዳል። እኔም እጮህበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በአምቡላንስ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው፤ መነሻው ላይ የቆመ አምቡላንስ ከሌለ አንድም መኪና አይወጣም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት እንከራያለን። አንዱ ለሰው ቢሄድ ሌላው ይቆማል፣ ውድድሩም ይቀጥላል። አምጪው ዱባይ ናይፍ ገበያ ውስጥ ጎማ የሚያከፋፍል ነጋዴ አገኘ። ነጋዴው የአማተሩን ውድድር ስፖንሰር ሊያደርግ፣ ደስ ካለው ደግሞ የክረምቱን ትልቁን የፕሮፌሽናል ራሊ ሊይዝ ተስማማ። ልጁም ይወዳደራል። ግን ለእንግዶቹ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ኤሲ ያለው ድንኳን ይፈልጋል። ድንኳኑ ከየት ይምጣ? አምጪው ስብሰባ ላይ ሁለተኛው አምቡላንስ ይቅርና በኪራዩ ይምጣ አለ።

"አብደሃል?" አልኩት፣ ሙዲሩ ፊት።

"የኔ ቆንጆ" አለኝ፣ "አምቡላንስ ላይ ማን ስሙን ያስለጥፋል? ማንስ አጠገቡ ፎቶ ይነሳል?"

ሙዲሩ ሳቀ። ደሜ ፈላ። "እንግዲያው ስማ" አልኩት፣ "መነሻው የሚከፈተውም የሚዘጋውም በኔ ቃል ነው። ያ አንድ አምቡላንስ ከተነቃነቀ እዘጋለሁ። የነጋዴ ልጅ አይደለም የንጉሥ ልጅ ቢሆን አላስወጣም!"

"ምነው አታሟርቺ እንጂ! ምን ሊፈጠር ነው?" አለና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። እጁን አነሳሁለት። ድንኳኑ መጣ።

እሁዱ ደረሰ። ንፋስ ነበር፤ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ድንኳኑ ውስጥ ነጋዴው ከእንግዶቹ ጋር ተምር እየበላ ይስቃል፤ በሩ ሲከፈት የኤሲው ቅዝቃዜ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይደርሳል። አምቡላንሱ መነሻው አጠገብ ብቻውን ቆሟል። አማተሮቹ ተራ በተራ እየወጡ ነው። ከዚያ የወረባቦዋ በሬዲዮ ጠራችኝ። አንድ መኪና ከመንገዱ ስቶ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ተቀርቅሯል አለች፤ ሰላምታውን ግን አልረሳችም። ባለቤቴን ላክሁት። "ደርሷል" አለችኝ። "እሺ" አልኩ። ሌሎቹ መኪኖች ከላይ በኩል ስለሚያልፉ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም።

እዚያ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ገመዱን አስሮ ሲጎትት የራሱ ፒክአፕ ጎማም ሰመጠ። ጎማውን በአካፋ ሊያወጣ ወረደ። ገመዱ እንደተወጠረ ነው። የተቀረቀረው መኪና ውስጥ ያለው ሰውዬ "ንዳ" የተባለ መስሎት ነዳጅ ረገጠ። የብረት መንጠቆው ከመኪናው ተገንጥሎ መጣና የባለቤቴን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች መታው። ነዳጅ የረገጠው ሰውዬ እየጮኸ ወርዶ ሸሚዙን ቀዶ እግሩን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ። "ጥሪ! ጥሪ!" አላት የወረባቦዋን።

እሷም ሬዲዮውን አነሳች። አፏ ድረስ አድርሳው፣ በዚያኛው ጫፍ የምትሰማው እኔ መሆኔ ትዝ አላት።

ሬዲዮውን አስቀመጠችው። ስልኳን አውጥታ ለአምጪው ደወለች። ወንድ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠናል፣ ያገራችን ሰው ነው፣ አጠገቤ አለ፤ እሱ አምቡላንሱን ይልክና እኔን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ይነግረኛል ብላ። ሚስቱ ብቻዋን በሬዲዮ ትስማ? ያ እሷ ባደገችበት አገር አይደረግም።

እኔ አምጪው ስልኩን ሲያነሳ አይቼዋለሁ። ጀርባውን ሰጠኝ። እጁ ግንባሩ ላይ ሄደ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገባ። ሲወጣ ፊቱ እንደ ተጠረገ ሰሌዳ ነበር። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በበሩ በኩል ነጋዴው ሰዓቱን ሲያይ ብቻ ነው ያየሁት። አምጪው መነሻው ላይ ባንዲራ ይዞ መኪና ወደሚያስወጣው ልጅ ዞሮ በእጁ "ያላ፣ ያላ" አለው።

ባንዲራ ያዡም እኔን አየ። መኪና የሚወጣው በኔ ቃል ነው።

"ይሂድ" አልኩ።

ያ መኪና ወጣ። ቀጥሎ ሌላውን "ይሂድ" አልኩ። ቀጥሎ የነጋዴው ልጅ መጣ፤ መኪናው ነጭ ነው፣ በሩን ሁሉ ያባቱ ስም ሞልቶታል። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወጥተው አጨበጨቡለት፣ ፎቶ አነሱት። እሱንም "ይሂድ" አልኩ። በገዛ አፌ። ባለቤቴ ጉድጓድ ውስጥ ደሙ እየፈሰሰ እኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ "ይሂድ፣ ይሂድ" እላለሁ። ያ ረቢ!

የነጋዴው ልጅ አቧራ ሳይረጋ አምጪው ወደ እኔ መጣ። የታሸገ ውሃ ይዟል። ክዳኑን ከፍቶታል። ይሄ ሰውዬ ለማንም ውሃ አቀብሎ አያውቅም።

"እስቲ ቁጭ በይ፣ የኔ ቆንጆ" አለኝ።

ቁጭ ብያለሁ እኮ! ተቀምጬ ነው ቁጭ በይ የሚለኝ። ጠርሙሱን አየሁ፣ ፊቱን አየሁ።

"ማነው?" አልኩ።

"አይዞሽ። ትንሽ እግሩን ነው፤ ሌላ…"

የቀረውን አልሰማሁም። ሬዲዮውን ይዤ "መነሻው ይዘጋ!" ብዬ ስጮህ ፕሮፌሽናሎቹ ሠፈር ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። አምቡላንሱ ሄደ። እኔም ከኋላው ዘልዬ ገባሁ፤ ሊያስወርዱኝ ቢሞክሩ ማን ይሰማቸዋል። ስንደርስ ባለቤቴ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። የወረባቦዋ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁርአን ትቀራለች። አየኝና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ያለኝ ነገር አልተሰማኝም።

እግሩን ቆረጡት። ከጉልበት በታች። ሐኪሙን "ቀድሞ ቢመጣስ ኖሮ?" ብዬ ጠየቅሁት። "እሱን ማወቅ አይቻልም" አለኝ። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ አንጀቴን ታሳርረዋለች፤ ይተርፍ ነበር ቢለኝ አንድ ነገር ነው፣ አይተርፍም ነበር ቢለኝም አንድ ነገር ነው።

የወረባቦዋ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። "እኔ እኮ ወዲያው ነው የደወልኩለት" አለችኝ። "ምነው አምቡላንሱ እንዲህ ዘገየ?" ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ግንባሩን የያዘው፣ ድንኳኑ፣ "ያላ ያላ" ያለው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። እላይዋ ላይ ጮህኩባት። "ሬዲዮ ያስያዝኩሽ ለምን ነበር? ለምን ነበር?" እላለሁ። እሷ "እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፣ እንዳትደነግጪ ብዬ" ትላለች። እንዲህ ስትል ይባስ ይነደኛል። ምክንያቱም እሷ የኔን ባል ወድቆ ያየችበት ቦታ እኔ ቆሜ የሷን ወንድም ባይ፣ እኔም ሬዲዮውን አስቀምጬ ስልክ እፈልግ ነበር። እሷን ኋላ ይቅር አልኳት። ዛሬም እሁድ እሁድ ትመጣለች፣ እግሩን የምታሽለት እሷ ናት።

የሚርዲፏ ማዳም ሆስፒታል መጥታ አለቀሰች። ደግ ሴት ናት። ግን ልጆቿን የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋታል፤ ሌላ ሹፌር ቀጠረች። ሙዲሩ የባለቤቴን መኖሪያ ፈቃድ በቢሮው ስም አዛወረለት፤ አሁን ቢሮ ቁጭ ብሎ ስልክ ያነሳል። አሸዋ ሲያይ ዓይኑን ያዞራል። እኔንም "ቀጥዪ" አሉኝ፤ ምን ምርጫ አለኝ? ነጋዴው ግን የክረምቱን ራሊ አልያዘም። ውድድሩ ገድ የለውም ብሎ ገንዘቡን ጀልባ እሽቅድድም ላይ አፈሰሰው። አምጪው ያን ሁሉ ያደረገው ለዚህ ሰውዬ ነው። ድንቄም ስፖንሰር!

አምጪውም ሥራውን ለቀቀ። ለቀቀና ሰላም ነሳኝ። መጀመሪያ ይቅር በሉኝ የሚል መልእክት ላከ፣ ቀጥሎ ሰው ላከ፣ በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌ ይዞ አጅማን ቤታችን ድረስ መጣ። አንደኛው ናይፍ ገበያ ውስጥ ሲሸከሙ ያረጁ፣ የወሎ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አባት ናቸው። ሌላው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ሽማግሌ በር ላይ አይመለስም፤ አስገባኋቸው። ጫማቸውን አወለቁ። አምጪው የጁስ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ሽቶው ያው ነው።

ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ የሱሪውን አንድ እግር እጥፍ አድርጎ።

አምጪው ጀመረ። አፉማ መቼ ያጣል! "እኔ እንደ ወንድሟ ነው ያየሁት" አለ። "እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ ይነገራል? እሷ ብትወድቅስ? ቀስ ብዬ፣ ቦታ አስይዤ ልንገራት ብዬ ነው። ያሳደገን ባህል ነው።"

የሰፈራችን ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነት ነው፣ መርዶ በችኮላ አይደለም" አሉ። የናይፉ አባትም ነገሩን ሊያለዝቡ፣ በየእርቁ ማለት የለመዱትን ተረት አሉ፦

"ልጄ፣ ቀስ በቀስ እኮ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

አሉና አፋቸው ላይ ቀረ። ሁላችንም ያችን የታጠፈች ሱሪ አየን። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ፣ "አዑዙ ቢላህ" ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው" አልኩ። "ስልኩን ዘግተህ መጀመሪያ የነገርከው ለማን ነው?"

"ግራ ገብቶኝ እኮ…"

"ለማን?"

ምንጣፉን አየ። ሽማግሌዎቹ አዩት።

"አምቡላንሱን መላክ መርዶ መናገር ነው? ለኔ ቀስ ማለት ፈለግህ፣ እሺ። ለሹፌሩ 'ሂድ' ለማለትስ ምን ቀስ ያሰኛል? እኔን እስከ ማታ ብትደብቀኝ ምን ቸገረኝ! አምቡላንሱን ልከህ አትደብቀኝም ነበር? አባህን…" ልሰድበው ነበር፤ ባለቤቴ እጄን ያዘኝ።

ባለቤቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። ለኔም።

"አባቴ" አላቸው የናይፉን ሽማግሌ፣ "እኔ ገመዱን ይቅር ብያለሁ። ያን ነዳጅ የረገጠውንም ሰው ይቅር ብያለሁ፤ ሸሚዙን ቀዶ አምቡላንሱ እስኪመጣ እግሬን አልለቀቀም። አሸዋው ላይ ተኝቼ ከላይ ሞተር እሰማ ነበር። አንዱ መኪና ሲያልፍ 'አልሰማችም ማለት ነው' አልኩ። ሌላው ሲያልፍ፣ 'አሁንም አልሰማችም' አልኩ። ሚስቴን አውቃታለሁ፤ ብትሰማ አንድ ጎማ አይዞርም ነበር። ግን ያቺ የወረባቦዋ ልጅ ስልክ ስትደውል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እና ሦስተኛው መኪና ሲያልፍ፣ እሷ ካልሰማች የሰማ ሌላ ሰው አለ አልኩ።"

ባለቤቴ አምጪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አየው።

"አልሰማሁም ቢለኝ ዛሬውኑ ይቅር እለው ነበር" አለ። "እሱ ግን ሰምቷል።"

የናይፉ አባት ቀስ ብለው ተነሱ። "በቃ፣ እንሂድ" አሉ። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አደረጉ፤ እዚያው ከጎናቸው የባለቤቴ አንድ ጫማ ብቻዋን ነበረች፣ እግራቸው እንዳይነካት ራቅ አድርገው ቆሙ። አምጪው ካርቶኑን ወለሉ ላይ ሊተወው ሲል "ይዘኸው ሂድ" አልኩት። ይዞት ወጣ።

በሩን ዘጋሁት።